ምድርን የማንበብ ሙያና አዲሱ መሣሪያ



በዛሬው ጊዜ የጂኦግራፊ መምህር ስለ ስምጥ ሸለቆ አስተምሮ ጠመኔውን ሲያስቀምጥ፣ እጁን አንሥቶ የሚጠይቅ ተማሪ አይጠፋም። ጥያቄው ቀድሞ «ሥነ ምድር የተማረ ሰው ሥራው ምንድን ነው?» የሚል ነበር። ዛሬ ግን መልኩን ለውጦ «ይህን ሥራ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከወሰደው፣ እኔ አራት ዓመት ሙሉ ለምን እደክምበታለሁ?» ሆኗል። ይህ የሰነፍ ጥያቄ አይደለም። ወላጆቹ በሬ ሸጠው ወደ ከተማ ለላኩት ልጅ የእንጀራ ጥያቄ ነው። እንዲህ ያለውን ተማሪ «አይዞህ፣ ምንም አይመጣብህም» ብሎ ማሰናበት እንደ ማታለል ይቈጠራል፤ «ተወው፣ ሌላ ተማር» ማለትም ሳይመረምሩ መፍረድ ነው። ስለዚህ መሣሪያው ከማን እንደ ተማረ፣ የትኛውን ሥራ እንደ ወሰደ፣ የትኛው ላይ ደግሞ እንደ ተሰናከለ በዝርዝር መመልከት ያስፈልጋል።

አስቀድሞ ስለ ስሙ አንድ ቃል ማለት ይገባል። አስተውሎት ማለት በአማርኛ አንድን ነገር በልብ መርምሮ፣ የሚያስከትለውን ጭምር አስቦ መመዘን ነው። መሣሪያው የሚያደርገው ግን ይህን አይደለም፤ እጅግ ብዙ ምሳሌ ከታየው በኋላ አዲስ የሚመጣለትን ነገር ከምሳሌዎቹ ጋር ያመሳስላል። ማመሳሰሉም በፍጥነትና በብዛት ሰው ከቶ የማይደርስበት ነው። እንግዲህ ስሙ ከግብሩ ቀድሞ ሄዷል ማለት ይቻላል፤ ዳሩ ግን ስሙ አንድ ጊዜ ተለምዷልና በዚሁ መቀጠል ይሻላል።

ነገሩን ለመረዳት ከመሬት መንቀጥቀጥ ጥናት መጀመር ይበጃል፤ መሣሪያው ቀድሞ ከገባባቸውና ጠልቆ ከሄደባቸው የሥነ ምድር ዘርፎች አንዱ እርሱ ነውና። በ1953 ዓ.ም. በግንቦት ወር በካራ ቆሬ አካባቢ ምድር ተናውጣ የማጀቴ ከተማ ስትፈርስ፣ በ1961 ዓ.ም. በመጋቢት ወር ደግሞ በአሰብ መንገድ ላይ የነበረችው ሰርዶ ስትወድም፣ የሆነውን መርምረው ለመጪው ትውልድ ካቈዩት ሰዎች ዋናው ካናዳዊው አባ ፒየር ጉዌን ነበሩ። እርሳቸው ያቋቋሙት የአዲስ አበባ ኦብዘርቫቶሪ የዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ ማለትም የ1957 እና የ1958 እ.ኤ.አ. ልጅ ነው። አባ ጉዌን በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ውስጥ የጥንቱን ዜና መዋዕልና የመንገደኞችን ጽሑፍ ከመሣሪያው መዝገብ ጋር አስተባብረው አቅርበዋል።

በዚያን ጊዜ የነበረው አሠራር ለዛሬ ወጣት እንግዳ ነው። ሲስሞግራፉ በጨለማ ክፍል ውስጥ ሆኖ፣ በሚሽከረከር በርሜል ላይ በተጠቀለለ የፎቶግራፍ ወረቀት የምድርን እንቅስቃሴ በብርሃን ነጥብ ይጽፍ ነበር። ወረቀቱ በየቀኑ እየተለወጠ በመድኃኒት ይታጠባል። ከዚያ በኋላ አንድ ሠራተኛ በጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ በማጉያ መነጽርና በማስመሪያ መስመሩን እየተከተለ፣ የመጀመሪያው ሞገድ የደረሰበትን ሴኮንድ፣ ቀጥሎም ሁለተኛው ሞገድ የደረሰበትን ሴኮንድ ይጽፋል። የመጀመሪያው ሞገድ ፈጣን፣ ሁለተኛው ዘገምተኛ ስለ ሆነ፣ በመካከላቸው ያለው ጊዜ የርቀት መለኪያ ይሆናል። ለቅርብ መንቀጥቀጥ የሴኮንዱን ቍጥር በ8 ማባዛት ርቀቱን በኪሎ ሜትር በግምት ይሰጣል፤ ሁለቱ ሞገዶች በ20 ሴኮንድ ቢለያዩ መነሻው 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው ማለት ነው። ይህን ሒሳብ ማናቸውም የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሊሠራው ይችላል። አስቸጋሪው ማባዛቱ አይደለም። አስቸጋሪው መስመሩ ላይ የምትታየው ጥቂት መታጠፍ የምድር ድምፅ ትሁን ወይስ በመንገድ ያለፈ የጭነት መኪና ንዝረት፣ ያንን መለየቱ ነው። ይህንንም ሰው የሚማረው ብዙ ሺህ ወረቀት በማየት እንጂ በሌላ መንገድ አልነበረም።

አሁን ይህን ሥራ መሣሪያው ይሠራዋል። በዚህ ረገድ ስመ ጥር ከሆኑት አንዱ፣ በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ በ2018 እና በ2019 እ.ኤ.አ. መካከል የቀረበው ፌዝኔት የተባለው ነው። የተማረውም ከሰሜን ካሊፎርኒያ ከተሰበሰቡ ከ700 ሺህ በላይ መዝገቦች ነው። እዚህ ላይ መምህር የሆነ ሰው ሁሉ ቆም ብሎ ሊያስብበት የሚገባ ነገር አለ፤ በእነዚያ መዝገቦች ላይ የሞገዱን መድረሻ ምልክት ያደረጉት፣ ከ30 ዓመት በላይ በተከታታይ የሠሩ ባለሙያዎች ናቸው። መሣሪያው ከምድር አልተማረም። የተማረው ምድርን ያነብቡ ከነበሩ ሰዎች ነው። መምህሮቹ ስማቸው ያልተነገረ፣ ብዙዎቹም ጡረታ የወጡ ወይም ያረፉ ሠራተኞች ናቸው።

ፍሬው ግን የሚያስደንቅ ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። በ2019 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ የሚገኙ ተመራማሪዎች የደቡብ ካሊፎርኒያን የ10 ዓመት መዝገብ፣ ከ2008 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ያለውን፣ በኮምፒዩተር እንደ ገና ፈትሸው 1.81 ሚሊዮን መንቀጥቀጥ አገኙ። ይህም ቀድሞ በመደበኛው መዝገብ ከተጻፈው 10 እጥፍ ያህል ነው። የተጠቀሙበት ዘዴ የታወቀን መንቀጥቀጥ እንደ ናሙና ይዞ መሰሉን መፈለግ ስለ ነበረ፣ ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከሚባለው ትንሽ ይለያል፤ ለሥራው ፈላጊ ግን ልዩነቱ ብዙ ትርጉም የለውም። ያንን ያህል መዝገብ በማጉያ መነጽር ለመፈተሽ የሚበቃ ሠራተኛ በዓለም ላይ አይገኝም። ስለዚህ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፤ የሞገድ መድረሻ ምልክት ለማድረግ ብቻ ተቀጥሮ ደመወዝ የሚበላ ሰው ዘመኑ አልፏል። ለዚህ ሥራ ተማሪን ማዘጋጀት ጊዜውን ማባከን ነው።

በነዳጅና በማዕድን ፍለጋም ነገሩ ከዚህ ብዙ አይለይም። በ2018 እ.ኤ.አ. ቲጂኤስ የተባለው ድርጅት በባሕር ሥር በተነሡ ምስሎች ውስጥ የጨው ክምችትን ለይቶ የሚያሳይ ፕሮግራም ለሚሠራ ሽልማት አውጥቶ ነበር። ተወዳዳሪዎቹ ብዙ ሺህ ሲሆኑ፣ አብዛኞቹም ሥነ ምድርን ያልተማሩ የኮምፒዩተር ሰዎች ነበሩ። ቀድሞ የጨውን ወሰን በባለ ቀለም እርሳስ ማስመር የወጣት ጂኦሎጂስት የወራት ሥራ ነበር። በቁፋሮ የሚወጣውን የድንጋይ ዘንግ በሣጥን ደርድሮ፣ በውኃ አርሶ፣ በመዶሻና በመነጽር እያዩ መመዝገብም ዛሬ በከፊል ብርሃንን በሚተነትን ካሜራ ይሠራል። በምዕራብ አውስትራሊያ በፒልባራ በረሓ ሪዮ ቲንቶ የተባለው ኩባንያ ሹፌር የሌላቸውን የጭነት መኪናዎች መሞከር የጀመረው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው፤ መኪናዎቹንም 1,500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በፐርዝ ከተማ የተቀመጡ ሰዎች ይቈጣጠሯቸዋል። ይህ የመጨረሻው የሹፌሩ እንጂ የጂኦሎጂስቱ ጉዳይ አይደለም፤ ነገር ግን በረሓ ውስጥ የሚኖረው ሠራተኛ እያነሰ፣ ከሩቅ የሚቈጣጠረው እየበዛ መሄዱን ያሳያል።

መሣሪያው ብዙ ይሠራል ሲባል ግን የሚሠራው ሁሉ ልክ ነው ማለት አይደለም። በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ የሚገኙ ሊቃውንት በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። የእሳተ ገሞራ ተራራ ከመፈንዳቱ በፊት ከሥሩ የሚወጣው ቅልጥ አለት መሬቱን በጥቂት ሳንቲ ሜትር ሊያሳብጠው ይችላል፤ ይህን እብጠት ሳተላይት በራዳር ይለካል። ሊቃውንቱ ወደ 900 ከሚጠጉ እሳተ ገሞራዎች የተነሡ ከ30 ሺህ በላይ ምስሎችን ለመሣሪያው ሰጡት። መሣሪያውም ከዚያ ሁሉ መካከል 100 ያህሉን «እነዚህን እዩ» ብሎ አወጣ። ባለሙያዎቹ አንድ በአንድ ሲመረምሯቸው ግን እውነተኛ እብጠት ሆነው የተገኙት ከግማሽ በታች ናቸው። የቀሩት በአየር ውስጥ ያለ እርጥበት የፈጠራቸው ጥላዎች ነበሩ። 30 ሺውን ወደ 100 ማውረድ ትልቅ ውለታ ነው። ሆኖም ከመቶው ውስጥ የትኛው ተራራ እንደሚያሰጋ የለየው የሰው ዓይን ነው፤ ያም ዓይን አስቀድሞ የተማረ ነበር።

ወደ አፋር ምድር ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በ1998 ዓ.ም. በመስከረም ወር በዳባሁ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መሬት ተሰንጥቆ፣ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ድረስ መለያየቱ ሲታወቅ የዓለም ሊቃውንት ወደ አፋር ጐረፉ። በ2017 ዓ.ም. መስከረም ላይ በፈንታሌ አካባቢ የጀመረው መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ፎቅ ቤቶች ድረስ ሲሰማ፣ በየካቲት 7 ቀን መጠኑ 6.0 የደረሰ ተመዘገበ። በብዙ አሥር ሺህ የሚቈጠር ሕዝብም ከቀዬው ተነሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ ተወሰደ። በታኅሣሥ 25 ቀን በዶፈን ተራራ አጠገብ እንፋሎትና ጭቃ ወደ ላይ ሲወረወር የታየበት ፊልም በሰዓታት ውስጥ ዓለምን ዞረ፤ ብዙ ጋዜጦችም «እሳተ ገሞራ ፈነዳ» ብለው ጻፉ። የወጣው ግን ቅልጥ አለት ሳይሆን በሙቀት የተገፋ እንፋሎት ነበር። ሁለቱን ለመለየት ቦታውን፣ የአለቱን ዓይነትና የእንፋሎቱን ጠባይ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ከብቱን ይዞ መሄድ አለመሄዱን ለሚያስብ አርብቶ አደር ደግሞ ልዩነቱ የቃላት ልዩነት አይደለም።

ዓመት ሳይሞላ፣ በኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በዚያው በአፋር ክልል የሚገኘው ሀይሊ ጉቢ ፈነዳ። ይህ ተራራ ቀድሞ መፈንዳቱ በሰው መዝገብ አልተገኘም። አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንን፣ ኦማንን አልፎ ሕንድ ድረስ ሲደርስ፣ አውሮፕላኖች መንገዳቸውን ለወጡ፤ በአቅራቢያው ባለችው በአፍዴራ አካባቢ ደግሞ የከብቱን ግጦሽ ሸፈነው። እርግጥ ነው፣ በሐምሌ ወር 2017 ዓ.ም. ኤርታ አሌ ከፈነዳ በኋላ ሳተላይት በአካባቢው የመሬት እንቅስቃሴ አሳይቶ ነበር። ነገር ግን ሳተላይቱ ከላይ ያየውን ከታች ሆኖ የሚያዳምጥ ሲስሞግራፍ በዚያ ስፍራ እምብዛም አልነበረም። መሣሪያው የሰለጠነው በካሊፎርኒያ፣ በጃፓንና በአውሮፓ መዝገብ ነው፤ የሚያዳምጠው ጣቢያ በሌለበት አገር ሊቅ ሊሆን አይችልም። የአፋርን ድምፅ ለመሣሪያው የሚያስተምረው እንግዲህ ጣቢያውን የሚተክል፣ ባትሪውን የሚለውጥ፣ ከአገሬው ሽማግሌ ጋር ተስማምቶ የሚያስጠብቅ፣ መዝገቡንም በእጁ የሚያርም ሰው ነው። ይህ ሥራ ገና ብዙ ይቀረዋል።

እስካሁን የተባለው ተስፋ የሚሰጥ ሊመስል ይችላል። ዳሩ ግን ከዚህ በታች ያለው ጉዳይ መምህራንን ይልቁንም የሚያሳስብ ነው። መሣሪያው የወሰደው ሥራ አሰልቺው ሥራ ነው፤ አሰልቺው ሥራ ግን የጀማሪው ትምህርት ቤት ነበር።

ኢንጌ ሌማን የተባለችው ዴንማርካዊት የምድር ነውጥ ሊቅ የምድር እምብርት በውስጡ ሌላ እምብርት እንዳለው ያስታወቀችው በ1936 እ.ኤ.አ. ነው። በኒው ዚላንድ በ1929 እ.ኤ.አ. የደረሰው ትልቅ መንቀጥቀጥ በአውሮፓ ጣቢያዎች ላይ የጻፈውን መዝገብ ስትመረምር፣ በሕጉ መሠረት ሞገድ ሊደርስበት በማይገባው ቦታ ጥቃቅን ሞገዶች ደርሰው አየች። ሌሎችም እነዚያን ሞገዶች አይተዋቸው ነበር፤ ነገር ግን ከወሰን ላይ ተጠማዝዘው የመጡ ናቸው ብለው አለፏቸው። እርሷ ግን አላለፈቻቸውም። በቤተ ሰቧ ዘንድ እንደሚነገረው፣ የየጣቢያውን ልክ በካርቶን ወረቀት ላይ እየጻፈች፣ በአጃ ሣጥን ውስጥ እያደራጀች በአትክልት ቦታዋ ተቀምጣ ትሠራ ነበር። ካርዱን ሌላ ሰው ጽፎላት፣ እርሷ ውጤቱን ብቻ ተቀብላ ቢሆን ኖሮ፣ ጥቃቅኖቹን ሞገዶች ታያቸው ነበር ወይ? መልሱን በእርግጠኝነት የሚሰጥ የለም። ሆኖም በተለመደው ላይ የሰለጠነ መሣሪያ ያልተለመደውን እንደ ስሕተት ቈጥሮ መጣል እንደሚቀናው የሚሠሩት ሰዎች ራሳቸው ያውቃሉ።

የሜሪ ታርፕ ታሪክም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው፤ ለዚህ አካባቢ ደግሞ በልዩ ይቀርባል። በ1952 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ አጠገብ በላሞንት ኦብዘርቫቶሪ የምትሠራው ይህች ሴት፣ ሴት በመሆኗ በምርምር መርከብ ላይ እንድትሳፈር ስላልተፈቀደላት፣ መርከበኞቹ ያመጡትን የባሕር ጥልቀት ቍጥር በእጇ በወረቀት ላይ እያሰፈረች የአትላንቲክን ወለል ትስል ነበር። ሥዕሉ ሲያልቅ በባሕሩ መካከል ባለው ተራራ አናት ላይ ሸለቆ አየች። የሥራ ጓደኛዋ ብሩስ ሂዘን በመጀመሪያ «የሴት ወሬ» ብሎ አጣጣለው። በአጠገቧ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሌላ ሠራተኛ የመሬት መንቀጥቀጥ መነሻዎችን በተመሳሳይ መጠን ካርታ ላይ ይነጥብ ነበርና፣ ሁለቱ ካርታዎች በብርሃን ላይ ሲነባበሩ ነጥቦቹ ሁሉ ሸለቆው ውስጥ ገቡ። ያ ሸለቆ በመልኩ የምሥራቅ አፍሪካን ስምጥ ሸለቆ መምሰሉም ታየ፤ በዚህ ሳቢያ ከዝዋይ ሐይቅ ዳር ቆሞ የሚታየው ገደልና በአትላንቲክ ሥር ያለው ሸለቆ የአንድ ሥራ ውጤቶች መሆናቸው እየታወቀ ሄደ። ቍጥር በወረቀት ላይ ማስፈር ዛሬ ማንም ለሰው የማይሰጠው ሥራ ነው። ግኝቱ የመጣው ግን ቍጥሩን ካሰፈረችው እጅ ነው።

ስለዚህ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ «ጀማሪ አያስፈልገኝም፣ መሣሪያው ይበቃኛል፤ እኔ የምፈልገው መሣሪያውን የሚያርም የበሰለ ሰው ነው» ቢል፣ በዛሬው ሒሳብ ትክክል ነው። ከ20 ዓመት በኋላ ግን የበሰለውን ሰው ከየት ያመጣዋል? ጀማሪ ያልነበረ በሳል የለም። ይህ ችግር በሥነ ምድር ብቻ የሚወሰን አይደለም፤ ነገር ግን በሥነ ምድር ይከፋል፤ ምክንያቱም ይህ ሙያ ከመጽሐፍ ይልቅ በዓይንና በእጅ የሚወረስ ነው። በኩባንያዎች ዘንድ መፍትሔው ገና አልተገኘም። ምናልባት ሊገኝ የሚችለው በትምህርት ቤት ነው፤ ትምህርት ቤት ትርፍ የማይጠየቅበት፣ ተማሪ አሰልቺውን ሥራ ለመማር ሲል ብቻ የሚሠራበት ስፍራ ነውና።

የሥራው ቍጥር ምን ይሆናል ለሚለው፣ ሁለት ምሳሌ ማንሣት ይበቃል። በዛምቢያ በመዳብ ምድር ሚንጎምባ በተባለው ስፍራ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. የተቋቋመውና ቢል ጌትስ ገንዘብ ካዋሉባቸው አንዱ የሆነው ኮቦልድ የተባለው ኩባንያ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ተጠቅሞ የክምችቱን ታላቅነት በ2024 እ.ኤ.አ. አስታውቋል። ዜናው ሲወራ መሣሪያው መዳቡን ብቻውን ያገኘው ይመስል ነበር። እውነቱ ግን ስፍራው አስቀድሞ በሌሎች እጅ ሲቈፈር የቈየ ነው። መሣሪያው የተመገበው የድሮ ጂኦሎጂስቶች የቁፋሮ መዝገብ ነው፤ ቀጥሎ የት ይቈፈር የሚለውንም ምክር የሚፈትሹት በቦታው ያሉ ጂኦሎጂስቶች ናቸው። በሌላ በኩል ኬንያ በኦልካሪያ የመጀመሪያውን የእንፋሎት ኤሌክትሪክ በ1981 እ.ኤ.አ. በ15 ሜጋ ዋት ጀምራ፣ ዛሬ ከምድር ሙቀት የምታመነጨው ከ900 ሜጋ ዋት በላይ ነው። ኢትዮጵያ በአሉቶ ላንጋኖ በ1998 እ.ኤ.አ. በ7 ሜጋ ዋት ገደማ ጀምራ እዚያው አካባቢ ብዙ ጊዜ ቆማለች። የሁለቱን አገር ወጣት ጂኦሎጂስቶች የሥራ ዕድል የለየው መሣሪያው አይደለም፤ የተቈፈረው ጕድጓድ ቍጥር ነው። ብዙ ምሩቃን ሥራ ፈትተው ሲቀመጡ ጥፋቱን በመሣሪያው ላይ መጫን እንግዲህ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል፤ ቢያንስ እስከ ዛሬ ድረስ።

በመጨረሻም የሥነ ምድር ዕውቀት የሚያስፈልገው ጂኦሎጂስት ተብሎ ለሚቀጠረው ሰው ብቻ አለመሆኑን የሚያስታውስ አንድ ሐዘን አለ። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. አጋማሽ በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ ከብርቱ ዝናብ በኋላ ተራራ ተንዶ ቤቶችን ቀበረ። በማግሥቱ የመንደሩ ሰው የተቀበሩትን ለማውጣት ተሰብስቦ ሲቈፍር ሁለተኛው ናዳ ወርዶ አዳኞቹን ዋጣቸው። የሞቱት ከ200 በላይ ነበሩ። ለማዳን ከሮጡት መካከል መምህራንና የጤና ሠራተኞች እንደ ነበሩ የአካባቢው ባለሥልጣናት በዚያን ጊዜ ተናግረዋል። በውኃ የጠገበ ቁልቁለት አንድ ጊዜ ሲናድ፣ ከላይ የሚቀረው ቀጥ ያለ ግድግዳ ድጋፉን አጥቶ እንደሚቆም፣ ስለዚህም ከሥሩ መቆም እንደሚያሰጋ ሥነ ምድር የተማረ ሰው ያውቃል። ከናዳ በፊት በተዳፋቱ አናት ላይ ስንጥቅ ሊታይ፣ ዛፍ ሊዘም፣ ጥሩ የነበረ ምንጭ በድንገት ሊደፈርስ እንደሚችልም ያውቃል። ወንድሙን ከጭቃ ለማውጣት የሚሮጥን ሰው ማንም አይወቅሰውም። ዳሩ ግን አንድ ሰው ከላይ ሆኖ ግድግዳውን እየተመለከተ እንዲጮህ ማቆም እንደሚገባ ለመንደሩ አስቀድሞ የሚነግር ማን ነበር? ሳተላይቱ በዚያን ጊዜ በደመና ላይ ያልፍ ነበር፤ በራዳር ደመናውን ሰንጥቆ ቢያይ እንኳ ምስሉ በሰዓቱ ወደዚያ ቀበሌ የሚደርስበት መንገድ አልነበረም። በዚያ ያለው የመንግሥት የተማረ ሰው መምህሩ ነው።

እንግዲህ በመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ሊደረግ የሚቻለው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ብዙ ትምህርት ቤቶች የድንጋይ ሣጥን የላቸውም ይባላል፤ ነገር ግን ሁሉም በአጠገባቸው አንድ የወንዝ ገደል ወይም የመንገድ ቁራጭ አላቸው። ዕጩ መምህራኑ ወደዚያ ይወሰዱ። ለመጀመሪያው ሰዓት ስልካቸው በመምህሩ ከረጢት ውስጥ ይቀመጥ። እያንዳንዱ ዕጩ በደብተሩ ላይ ገደሉን ይሳል፤ የንብርቡን ብዛት ይቍጠር፣ ውፍረቱን በክንድ ይለካ፣ አፈሩን በጣቱ አሽቶ ሸካራ ወይም ልስልስ መሆኑን ይጻፍ፣ ውኃ የሚያንጠባጥበው ከየትኛው ንብርብር ሥር እንደ ሆነ ያመልክት። ሲጨርሱ ስልኩ ይሰጣቸው፤ የገደሉን ፎቶግራፍ አንሥተው መሣሪያውን «ይህ ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁት። መልሱ ፈጥኖ ይመጣል፤ በቋንቋውም ያማረ ይሆናል። ቀጥሎ መልሱን ከደብተራቸው ጋር ያስተያዩት። መሣሪያው ያየው፣ እነርሱ ያላዩት ካለ በቀይ ይጻፉት። እነርሱ ያዩት፣ መሣሪያው ያላየው ካለ በሰማያዊ ይጻፉት። ውኃው የሚያንጠባጥብበትን ንብርብር በተመለከተ ሁለቱ ሳይስማሙ የቀሩ እንደ ሆነ፣ ክረምቱ ሲገባ ተመልሰው በመሄድ ገደሉ ከየት በኩል እንደ ተናደ ይዩ።